እንቁላሉ ለምን ሰመጠ?

ሰሞኑን በሐዋሳ ፒያሳ ወደ አንዲት የሱቅ ሠራተኛ ቤት ጎራ ስንል የአምስት ዓመት ልጇ ሲያለቅስ አገኘነው። ባልዲ ውስጥ እንቁላል ጥሎ በመስበሩ ተቆጥታው ነበር። «እንደ እማዬ ላየው ብዬ ነው» አለን። እውነቱን ነው! እናቱ እንቁላል ስትገዛ ውሃ ውስጥ ከትታ ትፈትናለች፤ አዲሱ ይሰምጣል፣ የቆየው በውስጡ አየር ስለሚበዛ ይንሳፈፋል።

እናቶች፣ ከቁጣው ይልቅ አንድ ብርጭቆ ውሃና 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይሻላል። እኛም እዚያው ሞከርነው። አዲሱ እንቁላል መጀመሪያ ሰመጠ፤ ልጁ ጨዉን ጨምሮ ሲያማስል ግን ቀስ ብሎ ተነሣ። ጨው የሟሟበት ውሃ ስለሚከብድ እንቁላሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። በአፋር አሳሌ ሐይቅ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨው ባከነ የምትል እናት (ኑሮው የታወቀ ነው) ውሃውን በሰፊ ሳህን ፀሐይ ላይ ታስጣው። ውሃው ተንኖ ጨዉ ይቀራል፤ የአፍዴራ ጨውም የሚመረተው እንዲሁ ነው። ለወጥ ባይሆንም ለሌላ ሙከራ ይበቃል። ጥሬ እንቁላል የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ልጁ ለቅሶውን ረስቶ «በስኳርስ?» ሲል እናቱ ፈጥና የስኳሩን ጣሳ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።