ስለ ደብል መኪናና ስለ ክረምት መንገድ

ክረምት በደረሰ ቁጥር ብዙ ነጋዴ ለዕቃ ማመላለሻ የሚገዛው መኪና አራቱም እግሩ የሚነዳ፣ በተለምዶ ደብል የሚባለው እንዲሆን ይሻል። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። የሞተሩ ኃይል በሁለት እግር ፋንታ ለአራቱም ስለሚከፋፈል፣ መኪናው ከጭቃ ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳዋል።

ስሕተቱ ይኸው ኃይል ለማቆምም ይጠቅማል ብሎ ማመን ነው። ፍሬን በማናቸውም መኪና በአራቱም እግር ላይ አለ፤ ስለዚህ ደብሉ በመቆም ከሌላው አይበልጥም። እንዲያውም ያለ ችግር ስለሚነሣ የመንገዱን ማዳለጥ ከነጂው ይሰውርበታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ተንሸራትቶ የሚቆምበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጣርማበር፣ በጉም ውስጥ ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሰው ይህ የዋዛ ሒሳብ አይደለም። እርሱን የሚያድነው ከቁልቁለቱ በፊት የገባ ከባድ ማርሽና ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ነው።

ወቀሳዬ ግን በነጂዎች ላይ ሳይሆን በእኛ በጽሕፈት ቤት ሰዎችና በአሠሪዎቻችን ላይ ነው። የግዢ ደብዳቤ ስጽፍ በኖርሁበት ዘመን፣ ለመኪናው ያልሳሳ እጅ ለጎማው ሲሳሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መኪናው በመንገድ ላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም፤ በጭቃ ላይማ ይህም ልክ እጅግ ያንሳል።

ጎማ ሻጮችም በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች፣ ማለትም የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት፣ ገዢው ሳይጠይቅ ቢያሳዩት መልካም ነው።