የእንግዳ ቤት አጥሩ ጎረቤት ነው

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከአባቴ ጋር በአህያ ድንች ጭነን ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሄደን ነበር። ዓላማዬ ሰው መክሰስ አይደለምና ስሙን አልጠራም። በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሬ ስመለከት ለምለም የአትክልት ሥፍራ፣ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ፣ ከዋናው ቤት ፈንጠር ብላ የተሠራች አንዲት የእንግዳ ጎጆ አየሁ። ያቺ ጎጆ ስምንት ሰዎች ከምንኖርበት ቤት ትበልጣለች። ዘበኛው ግን «ድንች ከጎንደር ይመጣልናል» ብሎ መለሰን። አባቴ አንዳች ሳይናገር አህያውን አዞረ። እኔ ደባርቅ እስክንደርስ ስናደድ መጣሁ። ይህን አሳቤን የምጽፈው ያ ንዴት ከበረደልኝ በኋላ ነው።

ስለ እነዚህ የቅንጦት ማረፊያዎች በመካከላችን ሁለት ዓይነት አሳብ አለ። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ «ለባዕድ እንጂ ለእኛ አልተሠሩም፤ ቢዘጉም አይጎድልብን» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ባለ ሀብት መጥቶ ሁሉን እንዲያደርግላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል።

በመጀመሪያ፥ እንግዳን በመልካም ግቢ ማሳረፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ በእኛ አገር በኩል ጎንደር ገባ። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ባሠሩት በቁስቋም ግቢ ማረፊያ ሰጡት። እርሱም በዚያ በፈንጣጣ የታመሙትን ሕፃናት አከመ። አስተናጋጇ ቤት ሰጡ፤ እንግዳውም ዕውቀቱን ሰጠ። ከቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ይልቅ ይህ ነገር ትምህርት ይሆነናል፤ እንግድነት መስጠትና መቀበል ነውና።

ሁለተኛም፥ ይህ ሥራ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከደባርቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራውን ሊማሊሞ ሎጅን ከመሠረቱት መካከል ቀድሞ በስሜን ተራሮች እንግዳ ይመሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አሉበት። ግድግዳውም ከሩቅ በመጣ እብነ በረድ ሳይሆን በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው። አባቶቻችን አፈርንና ድንጋይን ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን ቆርቆሮ ካልሆነ ቤት አይመስለንም። ቡይት ራስ ያለው ስሜን ሎጅም የቆመው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እንግዳ ወደዚያ ብርድ የሚወጣው ጅባራውንና ጓሳውን፣ ጭላዳውንና ዋልያውን ለማየት ነው። ስለዚህ ትልቁ የአትክልት ሥፍራ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሳይሆን በውጭ ያለው ተራራ ነው።

ታዲያ የዚህን ተራራ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ሥፍራዎች አንዱ ነበር። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው። ከዚያ መዝገብ እንዲወጣ ከ400 የሚበልጡ የግጭ መንደር ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን እርሻ ትተው ወደ ደባርቅ መጥተዋል። ልጆቻቸው ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራሉ። አንዱ ጓደኛዬ ደመና በሌለበት ቀን ወደ ስሜን ተራሮች እየተመለከተ «ከዚያ ማዶ የእኛ ገብስ ነበር» ይለኛል። እንግዲህ ከመስኮቱ ሆኖ ያንን ውበት የሚያየው እንግዳ ይህን ልጅ ሳያውቀው የእርሱ ባለ ዕዳ ነው።

የእንግዳው መቅረት ምን ያህል እንደሚጎዳ ደግሞ ሁላችንም አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት እንግዳውን አስቀረብን። ታላቅ ወንድሜ በቅሎ እያከራየ ቤተሰብ ይረዳ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ በቅሎዋን ሸጦ በቀን ሥራ ለመኖር ወደ መተማ ወረደ። ስለዚህ «ቢዘጉም አይጎድልብን» የሚለው ጓደኛዬ የእኔን እናት ይጠይቃት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችን ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ ድንቹን፣ ባቄላውን፣ እንቁላሉንና እናቶቻችን የሚፈትሉትን የበግ ጠጉር አስቀድመው ከጎረቤት ይግዙ፤ ጥራቱ ካነሰም ምን እንደ ጎደለው ይንገሩን። ሁለተኛ፥ በየዓመቱ ከግጭና ከሌሎቹም መንደሮች ለመጡ ወጣቶች የወጥ ቤቱን፣ የአትክልቱንና የሒሳቡን ሥራ ያስተምሩ። ሦስተኛ፥ በዓመት አንድ ቀን በሩን ለተማሪ ይክፈቱ። በአጥር ቀዳዳ ያየ ይቀናል፤ በበር የገባ ግን ይማራል።

ለእኛም ለተማሪዎች የምለው አለኝ። መንገደኛን «ብር ስጠኝ» እያልን ተከትለን የምንሮጠውን እናቁም፤ ለማኝ ከሆንን አስተናጋጅ መሆን አንችልም። አስታውን ለማገዶ አንቁረጥ። ቋንቋውንና ሒሳቡን አጥብቀን እንማር። ወላጆቻችንም ልጃቸው አትክልተኛ ወይም ወጥ ሠሪ ልሁን ቢላቸው እንደ ውርደት አይቁጠሩት።

ጠንካራ አጥር ከድንጋይ አይሠራም፤ ከጠገበና ከተከበረ ጎረቤት ይሠራል። ክፉ ቀን ሲመጣ ግቢውን የሚጠብቀው ያ በር ላይ የተመለሰው ባለ ድንች ነው።

አባቴ ዘንድሮም ድንች ዘርቷል። በጥቅምት አህያውን ጭነን ወደዚያው በር እንሄዳለን። እስከዚያ ይህች መጽሔት ታትማ ከወጣች፥ አንድ ቅጂ ለዘበኛው እሰጠዋለሁ።