ከደወሌ እስከ ባሕር

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የተጻፈው ከደወሌ ነው። ጸሓፊው በሥራ ምክንያት ወደዚያች የጠረፍ ከተማ የተዛወሩ አባት ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ 15፣ ታናሹ 12 ዓመት ሆኖታል። ልጆቹ በትምህርታቸው ስለ በረቱ ለሁለቱም ብስክሌት ተገዝቶላቸዋል፤ አባትየውም የቆየ ብስክሌት አላቸው። ከስጦታው ጋር ግን አንድ ቃል አብሮ ተነግሯል፤ ይኸውም «ከገና በኋላ አንድ ቀን በማለዳ ተነሥተን ወደ ባሕሩ እንወርዳለን፤ ውሃውን አይተን ማታ እንመለሳለን» የሚል ነው። አሁን እኒህ አባት ለመንገዱ ምን ያህል ስንቅ እንደሚበቃ ይጠይቁናል።

እኛ ግን ስለ ስንቁ ከመናገራችን በፊት ስለ ቃሉ መናገር ይገባናል። እርስዎ እንደ ጻፉልን፣ ታናሹ ልጅ በየማታው ካርታ እየዘረጋ በደወሌና በጅቡቲ መካከል ያለውን ርቀት በጣቱ ይለካል። በካርታ ላይ አንድ ጣት ነው። በመሬት ላይ ግን በባቡሩ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መጠነኛ ጕልበት ያለው ሰው፣ ልጅም አብሮት ካለ፣ በመልካም መንገድ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ነው። እንግዲህ ለመሄድ ብቻ ሰባትና ስምንት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የቀኑ ብርሃን በሞላው ከ12 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። መመለሻው የት አለ?

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ደወሌ ከባሕር ወለል በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ወደ ባሕር ሲወርዱ መሬቱ ራሱ ይገፋዎታል፤ ልጆቹም «እንዴት ቀላል ነው!» እያሉ ይስቃሉ። ሲመለሱ ግን ያንኑ ሁሉ በደከመ እግር መውጣት ግድ ይሆናል። በመካከሉም የአገር ድንበር አለ፤ ፓስፖርትና ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ከአሊ ሳቢህ ወዲያ ደግሞ የወደብ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት አውራ ጎዳና ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለው መንገድ የ12 ዓመት ልጅ በብስክሌት የሚማርበት ስፍራ አይደለም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ላይ ደርሶብናል። ከብዙ ዓመት በፊት በዚያው በኢሳ ሶማሌዎች አገር፣ ከባቡር ጣቢያዎቹ በአንዱ አጠገብ በምናስተምርበት ጊዜ፣ አምስት ተማሪዎች አስከትለን በብስክሌት ወጣን። መሬቱ ከድሬዳዋ ወደ ባሕር እያዘቀዘቀ የሚሄድ ስለ ሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል ካሰብነው ስፍራ ደረስን። በዚህም ተመካን፤ ልጆቹንም እስከ ቀትር ድረስ ስናጫውት ቆየን። የያዝነው ውሃ በሄድንበት ሰዓት ልክ የተቈጠረ ነበር።

በመመለሻው ላይ ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ከኋላ ቀረ። ዞረን ስናየው ከብስክሌቱ ወርዶ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፤ ላቡ ደርቋል፤ ስሙን ብንጠራው የማይገናኝ ነገር መለሰልን። ውሃችን አልቆ ነበር። ከግራር ሥር አጋደምነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምናደርግ፣ መምህር የተባልነው እኛ፣ አላወቅንም።

ፍየል የሚጠብቁ አንዲት እናት ከሩቅ አይተውን መጡ። በአህያቸው ላይ ውሃ ጭነው ነበር። ያ ውሃ ከምን ያህል ርቀት እንደ ተቀዳ በኋላ ነገሩን፤ ጧት ወጥተው መመለሳቸው ነበር። አንድም ቃል ሳይጠይቁ በልጁ ራስና ደረት ላይ አፈሰሱት፤ ሻሻቸውንም በውሃ ነክረው አራገቡለት። ልጁ ዓይኑን ገልጦ እስኪያውቀን ድረስ አላጠጡትም፤ ሐኪሞችም ይህ ትክክል መሆኑን ይናገራሉ፤ ራሱን ላልያዘ ሰው በአፉ ውሃ ቢያፈሱበት ሊታነቅ ይችላልና። የውሃቸውን ዋጋ ልንሰጣቸው ብንሞክር እጃችንን ገፉት። ልጁ ዳነ። ለወላጆቹ የነገርናቸው ግን ከሆነው ጥቂቱን ብቻ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ስለዚህ የጉዞ ሒሳብ የሚጀመረው ከመመለሻው ነው። ከቤት መግቢያው ሰዓት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቈጠራል። በቆላ በመጠኑ ለሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ይያዝለታል፤ ከዚያም ላይ ለችግር የሚሆን ይጨመራል። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መሠራት በጀመረውና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰው በአሮጌው ሐዲድ ላይ ይመላለስ የነበረው፣ እሳት የሚበላው የእንፋሎት ባቡር እንኳ በየጣቢያው ውሃ ሳይጠጣ አይሄድም ነበር።

እንግዲህ ከደወሌ ምን ይደረግ? በጥር ወር፣ ቅዳሜ ጧት (እሑድ የቅዳሴ ሰዓት ስለ ሆነ) ልክ ጎሕ ሲቀድ ይነሡ። ከከተማው ሰዎች መካከል አገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቀው ከአውራ ጎዳናው የራቀ ጠፍጣፋ መንገድ ይምረጡ። ሄደው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይመለሱ፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤት መግባት ነው። በሐዲዱ ላይም ሆነ በጠርዙ አይንዱ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለ ሆነ እንደ አሮጌው ከሩቅ እየጮኸና እየጨሰ አይመጣም። የግራር እሾህ ጎማ መብሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና መንፊያ ይያዙ። ጎማውን መልሰው ከመግጠምዎ በፊት ውስጡን በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ የመጀመሪያውን እሾህ ሳይነቅሉ አዲስ ካላማዳሪያ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነውና። ይህን ሥራ ታላቁ ልጅ ራሱ ይሥራው።

የባሕሩ ቃልስ? በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርገው፣ ለጥምቀት ወደ ዘመዶችዎ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ማሰብዎን ጽፈዋል። እኛ ደብዳቤውን ስናነብ ዓይናችን ያረፈው እዚያ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ጣናም ባሕር ነው፤ ከተማይቱም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። ብስክሌትም በጎዳናዋ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ተነሥቶ ሐይቁን በስተቀኝ አድርጎ እስከ ዘጌ በየብስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀስታ ቢነዱ ሁለት ሰዓት ይበቃል። አገሩ እንደ ደወሌ መንገድ ቍልቍለትና አቀበት የበዛበት አይደለም፤ ጥርም ደረቅ ወር ነው። በመንገድ የገጠሩን ማሳ ያያሉ፤ ዘጌ ሲደርሱ ደግሞ የቡና ደን ይቀበላችኋል። በልሳነ ምድሩ ላይ ሞፈር እንዳይገባ የቆየ ሥርዐት ስለ ነበረ ደኑ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ብስክሌቶቹን ከታመነ ሰው ዘንድ አኑረው በእግር እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሂዱ፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ለልጆቹ የአንድ ዓመት ትምህርት ናቸው። ታናሹ ቢደክም በሐይቁ ላይ በጀልባ መመለስ ይቻላል፤ ጀልባው ብስክሌት ይጭን እንደ ሆነ ግን ሳይነሡ ይጠይቁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስለ ደረሰ፣ የዚያን ሳምንት የመንገዱን ሰላም ዘመዶችዎ ሳያረጋግጡልዎ ከከተማ አይውጡ። ካልተመቸ በከተማው ውስጥ የሐይቁን ዳር ዳር መንዳት ለልጆቹ ይበቃቸዋል።

ለልጆቹ ግን ሐሳብዎን የለወጡበትን ምክንያት አይሸሽጓቸው። ካርታውን ዘርግተው አብረው ያስሉት፤ ታናሹ ማካፈል ስለ ተማረ 200ን ለ12 ያካፍለው።

ደግሞም የታናሹ ብስክሌት የኋላ ፍሬን አይይዝም ብለው በዳር ጽፈውልናል። እርሱ ሳይሠራ የትም አትሂዱ። ከጥምቀት በኋላ እንደምን እንደ ሆናችሁ ይጻፉልን፤ ስለ ፍሬኑም ጭምር።