ስለ ተልባና ስለ አብሽ፥ በደምም ውስጥ ስለሚገኘው ኮሌስትሮል

በጉና ተራራ ግርጌ፥ በፋርጣና በደብረ ታቦር ደጋ ተልባ የታወቀ ዘር ነው። እመቤቶቻችን ቈልተው፥ ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው ያቀርቡታል፤ በጾም ወራትም ማዕዱን ያስጌጣል። በዛሬው ዘመን ግን ሐኪም «ኮሌስትሮልዎ በዝቷል» ያላቸው አንዳንድ ሰዎች፥ የታዘዘላቸውን ክኒና ትተው ተልባና አብሽ ብቻ መጠጣት ጀምረዋል። ስለዚህ ዘሩ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይተን ለማስረዳት አሰብን።

ኮሌስትሮል ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፥ ሐሞትም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ነገር ግን በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተከማቸ መንገዱን ያጠብባል፤ ፍጻሜውም የልብና የአንጎል ድንገተኛ በሽታ ነው። እስከዚያ ድረስ ምንም ሕመም ስለማይሰማ፥ በደም ምርመራ ካልሆነ በቀር አይታወቅም።

ተልባና አብሽ ውሃ ሲነካቸው የሚዝለገለገው ክፍላቸው በአንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም የጐደለውን ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣ፥ 28 ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ፥ የተልባ ዘር ኮሌስትሮልን በጥቂቱ እንደሚቀንስ፥ ዘይቱ ግን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ያልደቀቀ ዘርም እንደ ገባ ይወጣል። አባቶች «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያሉት ለሌላ ነገር ቢሆንም፥ ለዚህም ምክር ይሆናል፤ ተልባ ሳይወቀጥ አይጠቅምምና።

ጥቅሙ ግን ጥቂት መሆኑን መርሳት አይገባም። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ክፉውን ኮሌስትሮል እንደ ዓይነታቸውና እንደ መጠናቸው ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሱታል፤ ዘሩ ከዚህ አይደርስም። ደግሞም አብሽ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ፥ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያብዛው፤ ነፍሰ ጡር ሴትም እንደ መድኃኒት አትጠጣው። ተልባ የሚጠጣም በቂ ውሃ ይጨምርበት።

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ውሎ፥ ማታ ከቅቤና ከጮማ የማይለይ ሰው፥ አስቀድሞ ደሙን ያስመርምር፤ ቅቤውን ይቀንስ፥ በእግሩም ይሂድ። ተልባውን ከምግቡ ጋራ ይውሰድ፥ ክኒናውንም እንደ ታዘዘለት ይዋጥ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ደሙን ደግሞ ያስመርምር። ዘሩ ለማዕድ ጌጥ ለመድኃኒትም ረዳት ነው እንጂ፥ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።