ጠባቂውም ይጠበቅ

በኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የመሣሪያዎችን አሠራር በኮምፒዩተር ስክሪን ሲከታተል የሚውለውን ሠራተኛ አንዳንዶች «ተቀምጦ የሚበላ» ይሉታል። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ አስተያየት የተሳሳተ ነው። ሰው በስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ስለማያርገበግብ ይደርቅበታል፤ አንገቱና ጀርባውም ይዝላሉ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መመሪያ፣ የስክሪን ሥራ በየጊዜው በዕረፍት ወይም በሌላ ተግባር እንዲቋረጥ፣ የዓይን ምርመራውም ሠራተኛውን ወጪ እንዳያስወጣው ደንግጓል። «ዕረፍት ሥራን ያጓድላል» የሚል አሠሪ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የደከመ ዓይን የአደጋ ምልክት ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ዕረፍቱ ራሱ የጥበቃው ክፍል ነው። እናንተም ነገ ሠራተኛ ወይም አሠሪ ስትሆኑ፣ መሣሪያው ይጠበቅ ዘንድ አስቀድሞ ጠባቂው ሊጠበቅ እንደሚገባው አትዘንጉ።