ዝምታ ማስረጃ ነው ወይ?

ውጫሌ ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውልና ያ አንቀጽ 17 ነው። በአማርኛው ፈቃድ የነበረው ነገር በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። እኔም የውጫሌ ልጅ በመሆኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ስሜ «አንቀጽ 17» ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ግን ስለሌላ የውጫሌ ጠብ ነው፤ እኛው ቤት ስለተነሳ የመብራት ጠብ።

እኛና ተከራያችን የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነበር። በጋራ ቆጣሪ የኖረ ያውቀዋል። የመብራት ታሪፍ በእርከን ስለሚሄድ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው እየተወደደ ይሄዳል። የሁለት ቤት ፍጆታ ሲደመር ሁለቱም ውዱ እርከን ላይ ይወድቃሉ። እናም ወር በመጣ ቁጥር «አንቺ ነሽ የጨረስሽው» ይከተላል። ከአረብ አገር የተመለሰው አጎቴ ይህን ሊያበርድ አንድ መሣሪያ ይዞ መጣ። አንደኛው ክፍል ወደ ተከራያችን ቤት የሚሄደውን ሽቦ እንደ ቀለበት አቅፎ ይለካል። ሁለተኛው ሳሎን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቁጥሩን ያሳያል። ሁለቱ የሚነጋገሩት በዚያው በቤቱ የመብራት ሽቦ ነው፤ በ220 ቮልቱ ላይ ደካማ ሲግናል ተጭኖ ይጓዛል።

ቀን ቀን ደህና ይሠራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ቁጥሩ ይጠፋና ሰረዝ ብቻ ይቀራል። ይህ ደግሞ ተከራያችን ከሥራ ገብታ ምጣድ የምትጥድበት ሰዓት ነው። እማዬ «ስትጋግር ትነቅለዋለች!» አለች። ስትነቅል ግን አላየቻትም። በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ነገረቻት።

ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ቤት ስገባ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከፈትኩና መካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አቆምኩት። ማታ ይንጫጫል። ወደ ተከራያችን በር ስጠጋ ይቀንሳል፤ ወደ ሳሎናችን ስመለስ ይብሳል! ከዚያ የተሰካውን ሁሉ በየተራ መንቀል ጀመርኩ። ሁሉንም ባንድ ላይ መንቀል ጥፋተኛውን ስለማይለይ፣ አንዱን ነቅዬ ዓይቼ መልሼ እሰካለሁ። የስልክ ቻርጀር፣ ምንም። ኤልኢዲ አምፖል፣ ምንም። የዲሹን ሪሲቨር አዳፕተር ስነቅል ቁጥሩ ብቅ አለ። ስሰካው ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። ለካስ ቀን ተነቅሎ የሚውለው ሪሲቨር እማዬ ድራማዋን ልታይ የምትሰካው ልክ በዚያ ሰዓት ኖሯል።

እንዲህ ያለው አዳፕተር ኃይሉን የሚቀይረው በሰከንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው። ማጣሪያው ደካማ ከሆነ ጫጫታው ወደ ሽቦው ተመልሶ ሲግናሉን ይሸፍነዋል። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ምንም ሳይንጫጫ ሲግናሉን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሬዲዮ ብቻውን አይበቃም፤ መንቀልም ያስፈልጋል። ማሳያውን ከሪሲቨሩ ዲቫይደር አውጥተን ቆጣሪው አጠገብ ወዳለ ሶኬት ስናዛውረው ማታም መሥራት ጀመረ።

እማዬ ቡና አፍልታ ተከራያችንን ጠራቻት። «አጥፍቻለሁ ልጄ፣ አፉ በይኝ» አለቻት። «አብሽሪ እትዬ» ብላ ቡናዋን ጠጣች። ግን ለሌላ ቤት ቀብድ ከፍላ ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ወጣች።

ይህን ለምን በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ አነሳሁት? ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው የተግባቦት ሞዴል «ኖይዝ» የሚባለው ነገር ከላኪውም ከተቀባዩም ሳይሆን በመካከል የሚገባ መሆኑን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። ዜና ስንጽፍ ግን እንረሳዋለን። «በስልክ ለማነጋገር ብንሞክርም ስልካቸውን አላነሱም» ብለን እንቋጫለን። አንባቢው ያቺን ዓረፍተ ነገር «የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ይተረጉማታል፤ እኛም እንደሚተረጉማት እናውቃለን። የያዝነው ቁጥር የቆየ ቢሆንስ? የደወልነው ጋዜጣው ሊታተም አንድ ሰዓት ሲቀረው ቢሆንስ?

«አውቆ ዝም የሚል ባለሥልጣን የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል! እሱን በእውነት ለማጋለጥም ቢሆን መጀመሪያ የራሳችንን ሶኬት መፈተሽ አለብን። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። በተግባር ልምምድ ዘገባዎቻችን ላይ «አልተገኙም» የሚል ቃል በገባ ቁጥር መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው መንገድ እንደሞከርን አብረን እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ይህ ከሌለ ዘገባውን ይመልሱልን። ዝም ያለው ሰው ለመመለስ በቂ ጊዜ ማግኘት አለማግኘቱን አንባቢው ራሱ ይመዝነው።

አሁን እኛ ቤት መሣሪያው ማታም ቁጥር ያሳያል። ክፍሉ ገና ሰው ስላልገባበት፣ የሚያሳየው ዜሮ ነው።