አበሉን ቆጠርንለት፣ ሌሊቱን ግን አልቆጠርንለትም



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንደወትሮው መስጂዱ በር ላይ ቆመን ስናወራ አንድ ጓደኛችን የጨነቀውን ነገር አነሳ። እዚሁ ኮምቦልቻ በአይሱዙ ነው የሚሠራው። ሱብሒ ሰግዶ ይወጣል፤ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ደርሶ ዕቃ አራግፎ ማታ ቤቱ ይገባል። አሁን አንድ ባለንብረት በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ተሳቢ ሊሰጠው ጠርቶታል። ደመወዙ ካሁኑ ይሻላል፤ በየምልልሱም አበል አለው። ካገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሴት ልጁ አምስት ወሯ ነው። "እስቲ ምን ትመክሩኛላችሁ?" አለን።

እውነቱን እንናገርና ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም። "ምን ትጠብቃለህ?" ነው ያልነው። አንዳችን ሪዝቅ በር ድረስ መጥቶ እየጠራህ ነው አለ። ሌላችን ስልኩን አውጥቶ አበሉን በወር፣ ከዚያም በዓመት አባዛ። በሦስት ዓመት ቦታ አስገዛነው፣ በአራት ዓመት ቤት አስጀመርነው። ዒሻ እስኪደርስ የሰው ሕይወት አቅደን ጨረስን። ወንድማችን ግን ፊቱ አልፈታም። "ኢንሻአላህ" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ይህንኑ ወሬ ለአንድ የሰፈራችን ሐጂ አነሳንላቸው። ሐጂ መሪ ከያዙ ጀምሮ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በወጣትነታቸው የአሰብ ሹፌር ነበሩ። በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እሳቸውም እንደ አገሩ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። "ጥሩ መክረነዋል አይደል?" ብለን ነበር የጀመርነው። እሳቸው ግን መልሰው ጠየቁን፦ "ሌሊቱንስ ስንት አላችሁት?"

አልገባንም። ሐጂ ጣታቸውን እያጠፉ ያስረዱን ጀመር። መንዳቱን ችግር አላሉትም። የባቲን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ሰመራንና ዲቼቶን አልፎ ጋላፊ መድረስ ለለመደው ሰው ከባድ አይደለም አሉ። ቀኑን የሚበላው መቆሙ ነው። ጋላፊ ላይ ሰነድ፣ ጅቡቲ ከተማ ጫፍ ፒኬ 12 ላይ ተራ፣ ወደብ ውስጥ ጭነት፣ ሲመለሱ ደግሞ ፍተሻ። አንድ ምልልስ ወረፋው ተጨምሮ ስምንት ቀን ቢፈጅና በመሃል ሁለት ሌሊት ቤቱ ቢያድር በወር ሦስት ምልልስ ይሆናል። በወር ስድስት ሌሊት ማለት ነው። በዓመት 72። ያውም ጎማ ካልፈነዳ፣ መንገድ ካልተዘጋ፣ ባለንብረቱም "ዛሬውኑ ተመለስ" ካላለ። እኛ ለወንድማችን ያባዛንለት ብር ነበር፤ ይቺን ማባዛት ግን ማናችንም አላሰብናትም።

"ልጆቼ የተማሩት በዚህ ሥራ ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ አላማርረውም" አሉ ሐጂ። "ግን ትልቁ ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ እናቱን ነበር የምጠይቃት። አንድ ጊዜ ትንሿ በሌሊት ትኩሳት ያዛት፤ እናቷ ከጎረቤት ጋር ሆና አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። እኔ የሰማሁት ተመልሼ ቤት ስገባ፣ ድና ስትጫወት ነው።" "ሐጂ፣ ዛሬ እኮ ስልክ አለ" አልናቸው። ሳቁ። "ስልክ ልጅ ያዝላል?"

ወንድሞቻችን፣ ይህን ስንል የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችን ሥራ ለማጣጣል አይደለም። ወላሂ ውለታቸው አለብን። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚያልፈው በድሬዳዋ በኩል ነው፤ ወደኛ ከተማ የሚመጣው ዕቃ በጎማ ነው የሚመጣው። የምንበላው ዘይት፣ ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፣ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አንድ ሹፌር ጋቢና ውስጥ እያደረ ያመጣው ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ሎጊያ ላይ ደጅ በተዘረጋ አልጋ ይተኛል፤ ያውም አንድ ዓይኑን መኪናው ላይ አድርጎ። በዚህ ሥራ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ፣ ወንድምና እህት የሚያስተምሩ ብዙዎችን እናውቃለን። ዕዳ ያለበት ወይም የሚያስታምመው ሰው ያለው ወንድም ከቤቱ መራቁ ራሱ ለቤቱ ብሎ ነው። ሐላል ላብ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው።

ደግሞ ቤት ማደር ብቻውንም ምንም አይደለም። አንዳንዱ ከሥራ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ በርጫ ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል፤ ቤቱ ሲገባ ሚስትም ልጅም ተኝተዋል። ይሄ ሰው ጅቡቲ ካለው በምን ይሻላል? አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቻችንም እንዲሁ፤ ከባድ መኪና በቀን የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስለተገደበ ገልባጭ የሚነዱት አሸዋና ጠጠር ሲያመላልሱ ያድራሉ። በየቀኑ ቤት ይገባሉ፣ ግን ሰው ሊነሳ ሲል ነው የሚተኙት። ስለዚህ "በየቀኑ ቤቴ እገባለሁ" የሚለውም ቢሆን ምን ሰዓት፣ በምን ሁኔታ ብሎ መጠየቅ አለበት።

እኛን ያሳፈረን ሌላ ነገር ነው። ወንድማችን ሊያማክረን ሲመጣ ልቡ ወደ ቤቱ እንዳዘነበለ ያስታውቅ ነበር። ግን "አልሄድም" ቢል ምን እንደምንለው ያውቃል። እኛው ነን እኮ "እከሌ አይሱዙ ላይ ቀረ" የምንለው! መቅረት! ሱብሒን በጀማዓ ሰግዶ፣ የቀን ጉርሱን ሠርቶ፣ ማታ ልጁን አቅፎ የሚተኛ ሰው እኛ ዘንድ "የቀረ" ነው። ኒካሕ ሲታሰብም ያው ነው፤ "ምን ይሠራል?" ሲባል "የጅቡቲ ሹፌር ነው" የሚለው መልስ ብቻውን ቤተሰብ ያስደስታል። ልጅቷ በወር ስድስት ሌሊት ባል እንደሚኖራት የሚነግራት የለም። ወጣቱን ወደ መንገድ የሚገፋው ድህነት ብቻ አይደለም፤ የኛም ምላስ አለበት።

ዲናችን የመንገድን ክብደት ያውቃል። ለመንገደኛ አራት ረከዓው ወደ ሁለት ያጠረለት፣ የረመዷንን ፆም አፍጥሮ በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ የተፈቀደለት በከንቱ አይደለም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ የሰውን እንቅልፍና ምግብ እንደሚያሳጣ ነግረው፣ ጉዳዩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲቻኮል አስተምረውናል። ከዚህ በላይ ደግሞ የኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። ሌሊት ከተማውን ሲዞሩ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ሴት ብቸኝነቷን ስታሰማ ሰሙ። ዝም ብለው አላለፉም። ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ሴት ልጅ ባሏን ሳታይ ምን ያህል እንደምትታገሥ ጠየቁ፤ በመልሷም መሠረት ወታደሮች ከቤታቸው የሚርቁበትን ጊዜ ወሰኑ። ኸሊፋው ለአንድ ግዛት ሠራዊት ሴትን ጠየቁ፤ እኛ ለአንድ አይሱዙ ሹፌር ሚስቱን መጠየቅ ትዝ አላለንም። ዒሻ እስኪደርስ ስናወራ ስሟን ማንም አላነሳም። አምስት ወር ልጅ ታቅፋ እህሉን የምታስፈጨው፣ ውሃው ሲጠፋ የምትቀዳው፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ የምትደነግጠው እሷ ናት።

ስለዚህ ያልነውን ሽረን እንደገና መከርነው። አትሂድ አላልነውም፤ ያ የኛ ሥልጣን አይደለም። ከሄድክ ግን መጀመሪያ ከእሷ ጋር ተቀመጥ፣ ለምን እንደምትሄድና እስከ መቼ እንደሆነ አንድ ላይ ወስኑ አልነው። "ዕዳው እስኪያልቅ" ከሆነ ዕዳው ሲያልቅ ተመለስ፤ ሐጂ እንደነገሩን "አንድ ዓመት ብቻ" ብሎ የጀመረ ሁሉ ሃያ ዓመት ቆይቷል። ከባለንብረቱ ጋር ስትነጋገርም አበሉን ብቻ አትጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓቱና የዕረፍት ቀኑ በውሉ ላይ መጻፉን እይ። ከምልልስ በኋላ ስንት ሌሊት ቤትህ እንደምታድር ሳትፈራ ተናገር። ጫት ይዘህ እንቅልፍ እያባረርክ እንድትነዳ የሚፈልግ ባለንብረት ከሆነ ደግሞ አበሉ ለቀብርህ ነው፤ ይቅርብህ።

በኛ በኩል ደግሞ ከሄደ ቤቱ የኛ ጎረቤት ነው። እህቶቻችንና ሚስቶቻችን ይቺን እህት ሳይጠሯት ይሂዱላት፤ እኛም ወፍጮ ቤት የሚደርሰውን እህል እንሸከም። ካልሄደ ደግሞ "ቀረ" የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ።

ባለንብረቱ እስከ ቅዳሜ መልስ እፈልጋለሁ ብሎታል። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ይመጣል፤ ብሩን ለማባዛት ስልክ የሚያወጣ የለም። ባለቤቱ ምን እንዳለች ነው የምንጠይቀው።